የሁለት ቀን መንገድ

ትኬት ሻጯ ጠዋት ከመኝታ ክፍሏ ስትወጣ እናቷን ሳሎን ውስጥ ወንበር ላይ ታስረው አገኘቻቸው። ያሰራቸው ሰው የለም፤ ወገባቸውን ከወንበሩ መደገፊያ ጋር በሻርፕ ያሰሩት ራሳቸው ናቸው። ፊት ለፊታቸው ሌላ ወንበር ጀርባውን አዙረው ጉልበታቸውን እስኪነካ ድረስ አስጠግተዋል። ካፖርታቸውን ለብሰዋል፣ ጫማቸውን አድርገዋል፣ የእጅ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የሚቀማቸው ያለ ይመስል በሁለት እጃቸው ይዘውታል። የሳሎኑ መብራት ሳይጠፋ አድሯል፣ ምንጣፉ ላይ የብስኩት ፍርፋሪ ተበትኗል። ልጅየዋ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ እናቴ ለየላት የሚል ነበር።

«እማዬ! ምን ሆነሽ ነው?»

«እየተለማመድኩ ነው» አሉ እናቷ አንገታቸውን ሳያዞሩ። «ከትናንት እራት ጀምሮ እዚሁ ነኝ። ሁለቴ መጸዳጃ ቤት ሄጃለሁ፤ እሱ ግን አይቆጠርም፣ አውሮፕላኑ ላይም አለ ብለሽኛል። ደሞ ዞር በይ እስቲ፣ መተላለፊያው ላይ እኮ ነው የተገተርሽው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሟ ከሁለት ወር በፊት ደውሎ የሚስቱ የወሊድ ፈቃድ ሊያልቅ መሆኑን፣ ሕፃኗን የሚይዝላቸው እንዳጡ፣ እናቱ ቢመጡለት ደስ እንደሚለው ነግሯቸው ነበር። ቪዛው ተመትቷል። ፓስፖርቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ከአንሶላዎቹ ሥር ተቀምጧል፣ ለሕፃኗ የተሠራው ሹራብም ታጥቦ ታጥፏል። የቀረው መንገዱ ነው፤ መንገዱ ደግሞ በዚህ ቤት ሁለት ቀን ነው። ሁለቴ አውሮፕላን ይቀየራል፣ መሃል ላይ በማያውቁት አገር አየር ማረፊያ የብረት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ማደር አለ። ይህንን እናትየው እንደ ስልክ ቁጥራቸው በቃላቸው ያውቁታል፣ የፎቁ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። የነገረቻቸው ልጃቸው ናት፣ ልጃቸው ደግሞ ሥራዋ የአውሮፕላን ትኬት መሸጥ ነው፤ ስለ አውሮፕላን ከእሷ ጋር ማን አፍ ይካፈታል? እናትየው ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ትንሽ ከተቀመጡ እግራቸው ያብጣል። ስለዚህ ማንንም ሳያማክሩ ራሳቸውን በራሳቸው ሊፈትኑ ቁጭ አሉ።

«ማታ ወንድምሽ ይደውላል» አሉ። «እስከዚያ ከቻልኩ የቀረውን እግዜር ይሞላልኛል፣ እሄዳለሁ። ካልቻልኩም ቁርጡን ልንገረውና ሠራተኛ ይቅጠር። ምን አደርጋለሁ፣ የልጅ ልጄን በስልክ እያየሁ እሞታለኋ! አሁን ሻይ አምጪልኝ። አስተናጋጇ አንቺ አይደለሽ?» በራሳቸው ቀልድ ራሳቸው ሳቁ፤ ሳቁ ወገባቸው ላይ ደርሶ ፊታቸውን አጨማደደው።

ትኬት ሻጯ ሻይ አፍልታ በትሪ አቀረበች። ትሪውን ጭናቸው ላይ ልታስተካክል ጎንበስ ስትል የእናቷን ቁርጭምጭሚት አየችው። እንደ ቦካ ሊጥ ከጫማው አፍ ወጥቶ ተንጠልጥሏል፣ የጫማው ማሰሪያ ሥጋው ውስጥ ሰጥሟል። ሰባት ሰዓት ነው እማዬ፣ ቀጥታ ነው፣ ማደር የሚባል ነገር የለውም፣ የሚለው ንግግር ሙሉውን ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ። ቃሉ ቀላል ነበር፤ በቀን አሥር ጊዜ ለማያውቃት ሰው የምትናገረው ነው። እሷ ግን «ጫማውን እንኳን አውልቂው» አለች ብቻ። እናቷም አውሮፕላን ውስጥ በካልሲ አይገባም ብለው እምቢ አሉ። ቦርሳዋን አንጠልጥላ እግሬ አውጪኝ ብላ ወጣች፤ በሩን ከውጭ ስትዘጋው እናቷ «በሰላም ዋይ፣ እኔስ የትም አልሄድ» ሲሉ ሰማች።

ቢሮው ፍራሽ ከሚሸጥበት ሱቅ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ማራገቢያ፣ ከዓመት በፊት የተለጠፈና ፀሐይ ያገረጣው የባሕር ዳርቻ ፎቶግራፍ፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት አንድ ወገኑ የተቀደደ ሶፋ። ከጎኗ የምትሠራውን ባልደረባዋን ሁሉም ቀጮ ነው የሚላት። ወንበሯ የሚችላት በፈጣሪ ቸርነት ነው፣ ስሙን ያወጣችላትም ራሷ ናት፤ ሰው ከሚቀድመኝ ልቅደመው ብላ። ያን ቀን ደንበኛ በዛ። የትኬት ዋጋ ከሰኞ ጀምሮ ይጨምራል ተብሎ ስለተወራ ሰዉ ደረጃው ላይ ሳይቀር ተሰልፏል፤ ገና ጠዋት ሁለት ሰዎች በወረፋ ተጣልተው አንደኛው ሌላኛውን «አንተማ ብትሄድም ባትሄድም ማን ይፈልግሃል» ብሎት ደረጃው በሙሉ ሳቀ።

ሦስተኛው ደንበኛ ልጁን በእቅፉ የያዘ ጎልማሳ ነበር። የሚሄደው ወንድሟ ወዳለበት ከተማ ነው። ስንት ሰዓት ይፈጃል ብሎ ጠየቃት፣ ልጁ ለቅሶ ከጀመረ ማባበያ አያገኝለትምና።

«ሰባት ሰዓት ከምናምን። ቀጥታ ነው፣ የትም አያርፍም።»

«ኪሎሜትሩስ?»

«አምስት ሺህ ስድስት መቶ ይሆናል።»

«በያ ቁርስ እዚህ፣ ምሳ እዚያ በይኛ!» ብሎ ልጁን ወደ ላይ ወረወረና ቀለበው።

የሥራ ፈገግታዋን ፈገግ አለችለት። በዚህ ከተማ መንገዱ ሰባት ሰዓት መሆኑን ያልነገረችው ሰው ቢኖር አብረዋት የሚያድሩት እናቷ ብቻ ናቸው። ይህ ሐሳብ አዲስ አልነበረም፤ አንዳንድ ቀን መጥቶባት በሥራ ብዛት ይጠፋላት ነበር። ዛሬ ግን ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ሆኖ የሚታያት ያበጠ እግር ነው፣ የሰውየውን ስም ሁለት ጊዜ አሳስታ ጻፈችው።

ቀጮ ወንበሯን አንከባላ ተጠጋቻትና «ለእናትሽ ቦታ ይዤላቸዋለሁ እኮ» አለቻት። «ፊት ረድፍ፣ እግር መዘርጊያ ያለው። እስከ ዛሬ ማታ ካላረጋገጥሽልኝ ግን ሲስተሙ ይለቀዋል። በሰኞው ዋጋ እንዳታለቅሺብኝ።»

ከምሳ ትንሽ ቀደም ብሎ የቢሮው ስልክ ጮኸ፤ ቀጮ አነሳችው። ትንሽ አዳመጠችና በሳቅ ፈረሰች። «እማማ፣ አልጋውማ ትኬቱ ውስጥ የለም! ወይ እማማ ጨዋታ…» እያለች ስልኩን በእጇ ሸፍና አቀበለቻት። «እናትሽ ናቸው። የሚያድሩበት አየር ማረፊያ ብርድ ልብስ ይሰጣል ወይ ይላሉ። እንዲህ ቀልደኛ ናቸው እንዴ?»

ትኬት ሻጯ ክው አለች። ስልኩን ተቀበለች። እናቷ በሩቅ ድምፅ አሁንም እንደተቀመጡ፣ የታችኛዋ ጎረቤት መጥታ ወሬ እንደያዘችላቸው፣ ግራ እግራቸው ትንሽ መደንዘዙን፣ ግን ደህና መሆናቸውን ነገሯት። «ያቺ ጓደኛሽ ለምንድነው የምትስቀው?» ብለው ጠየቁ። «ሁልጊዜም እንደዚያ ናት» አለቻቸው። ስልኩን ስትዘጋ ቀጮ መሳቋን አቁማ እያየቻት ነበር።

«ምን ብለሻቸው ነው?»

«ምንም።»

ቀጮ መልሱን እንዳላመነችው ፊቷ ላይ ያስታውቃል፤ ቢሆንም የሰው ሆድ ውስጥ ገብታ የምትፈተፍት ሴት አይደለችም፣ ወንበሯን ወደ ቦታዋ መለሰች።

ምሳ ሰዓት ሌሎቹ ሲወጡ እሷ ጠረጴዛዋ ላይ ቀረች። ዳቦዋን ከፌስታሉ አውጥታ መልሳ ከተተችው። አባቷ የሞቱት ከአራት ዓመት በፊት ጠዋት ላይ ነው። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ አጎቷ ወደ እሷ መጡና «ወንድምሽ ለነገ ይደርሳል ወይ? የሚደርስ ከሆነ ንገሪኝ፣ ቀብሩን እስከ ነገ ከሰዓት እናቆየዋለን። ይህን የምታውቂው አንቺ ነሽ» አሏት። ስልኳን አውጥታ አየችው። የማታ አውሮፕላን ነበረ፣ ባዶ ቦታም ነበረ፤ ማልዶ ይገባ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አባቷን ያገላበጠች፣ ያጠበች፣ በማንኪያ ያጎረሰች እሷ ናት። ወንድሟ በየበዓሉ ይደውላል፣ እሳቸውም ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቀኑን ሙሉ ስለ እሱ ያወራሉ። በሩን ከፍቶ ሲገባ፣ ሰው ሁሉ ተነስቶ ሲያቅፈው፣ እሱ ከሁሉ በላይ ሲያለቅስ፣ እሷ ሻይ ስታቀርብ ታያት። «አይደርስም» አለች። «ሁለት ቀን ነው መንገዱ።» አጎትየው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ባለሙያ ተናገረች። አባቷ በዚያው ቀን ተቀበሩ። ለወንድሟ እኔ እነግረዋለሁ ብላ የደወለችው የማታው አውሮፕላን ከተነሳ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ውሸቱ ቤት ውስጥ አብሯቸው ተቀመጠ። እናትየው ሲጠይቁ ዝርዝር ጨመረችበት፣ የመጀመሪያውን ቅየራ፣ ሁለተኛውን፣ የብረት ወንበሩን። በገዛ ሙያዋ ዓይኗን በጨው አጥባ ዋሸች። የምታፍርበትም ይኸው ነው፤ ደህና አድርጋ መዋሸቷ።

ወደ ደረጃው ወጥታ ለወንድሟ ደወለች። እናታቸው ከማታ ጀምሮ ወንበር ላይ ታስረው እየተለማመዱ መሆኑን ነገረችው። ወንድሟ ከልቡ ሳቀ። ከኋላው ሕፃኗ ትነጫነጫለች።

«ሁለት ቀን ስትልህ ለምን አላረምካትም?» አለችው።

«መጀመሪያ ተሳስታ መስሎኝ ነበር። ከዚያ…» አለና ቃል ፈለገ። «ለምን አትመጣም ብላ አትጠይቀኝም ነበራ። መንገዱ አድካሚ ነው፣ ቅር፣ ነው የምትለኝ። ቀለለኝ፣ ምን ልበልሽ። እኔም ያንን ቤት አባዬ ከሌለበት ማየት ፈርቼ ነበር። ያ ሰውዬ ያን ያህል ባይቸኩል ኖሮ እቀብረው ነበር እኮ። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።»

ያ ሰውዬ ያለው አጎታቸውን ነው። እንደ ልጃቸው ያሳደጉትን፣ በየበዓሉ ለሁሉም ሲደወል ለእሳቸው ብቻ የማይደወልላቸውን፣ ምን በድዬው ይሆን እያሉ ለእናቷ የሚያማርሩትን። ትኬት ሻጯ የደረጃውን ብረት ይዛ ቆመች። አሁን በይ፣ አሁን፣ አለች በሆዷ። ወንድሟ ግን ወደ ሥራ መውጫው መድረሱን ነግሯት፣ «ካቃታት ትቅር፣ ሰው እንፈልጋለን። አታስጨንቂያት» ብሎ ዘጋው።

ከሰዓት በኋላ ምን እንደሸጠች አታውቅም። ለመውጫ ገና ጊዜ ሲቀር ራሴን አመመኝ ብላ ተነሳች፤ ቀጮ «እስከምዘጋ እጠብቅሻለሁ፣ ደውዪልኝ» አለቻት። አውቶቡሱ ተጨናንቆ ነበር፣ ትኬት ቆራጩ መልስ የለኝም እያለ ከሰው ጋር ይጨቃጨቃል። መቀመጫ ለቀቁላት፣ አልቀመጥም አለች። የቤታቸውን ደረጃ ስትወጣ በየእርከኑ የምትናገረውን ታዘጋጅና ቀጣዩ እርከን ላይ ይጠፋባታል።

እናቷ ወንበሩ ላይ አልነበሩም። ሶፋው ላይ በጀርባቸው ተጋድመው እግራቸውን በሁለት ትራስ ሰቅለዋል። ጫማው ወልቋል፤ የጫማው ማሰሪያ የነበረበት ቦታ ሥጋው ላይ ቀይ መስመር ሆኖ ቀርቷል። ካፖርታቸውን አላወለቁም። የጠዋቷ ቀልደኛ ሴት የለችም፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«አልቻልኩም» አሉ። «ከምሳ በኋላ ተሸነፍኩ። ጎረቤቴ ናት ጎትታ ያነሳችኝ። አንድ ቀን እንኳን ሳልሞላ! ሁለት ቀን ብሄድ ያ ልጅ ሬሳዬን ነው የሚቀበለው። ሲደውል እነግረዋለሁ። ሹራቡን በሰው እልክላታለሁ።»

ትኬት ሻጯ ምንጣፉ ላይ ከሶፋው አጠገብ ተቀመጠችና ያበጠውን እግር በሁለት እጇ ያዘችው። ሞቋል።

«እማዬ፣ ሁለት ቀን አይደለም። ሰባት ሰዓት ነው። ቀጥታ ይሄዳል።»

እናትየው በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ። «ምን? አዲስ አውሮፕላን ጀመረ እንዴ?»

መውጫ በሩን ራሳቸው ከፈቱላት። አዎ ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት፤ አዎ፣ በዚህ ወር ጀመረ። እናቷ ይሄዳሉ፣ ወንድሟ አያስተባብልም፣ ማንም ምንም አይጎድልበትም። እናትየው መልሷን እንኳን አልጠበቁም፤ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «ተመስገን! አንቺ ነሽ አይደል ተሯሩጠሽ ያገኘሽልኝ? አውቄያለሁ፣ ጠዋት እግሬን ስታዪው ፊትሽ ተለዋውጦ ነበር። ልጄ፣ ውለታሽ በዝቶብኛል፣ ፈጣሪ ይክፈልሽ» እያሉ ይመርቋት ጀመር። ምርቃቱን አልቻለችውም። ቢቆጧት ኖሮ ምናልባት ዋሽታ ታልፈው ነበር።

«አዲስ አይደለም» አለች። «ድሮም ሰባት ሰዓት ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እሱ ከመሄዱም በፊት።»

እጃቸው ቀስ እያለ ወረደ። ጎረቤት ቤት ዕቃ ይታጠባል፣ ሰሃን በሰሃን ላይ ሲደረደር ይሰማል። እናትየው ጣሪያውን ያያሉ። ትኬት ሻጯ እናቷ በልባቸው ወዴት እየተመለሱ እንደሆነ ታውቃለች፤ ልታስቆማቸው አልሞከረችም።

«አባትሽ የሞተ ለትስ?» አሉ።

«ያን ለትም። የማታ አውሮፕላን ነበረ፣ ቦታም ነበረው። አይቼዋለሁ።»

«አጎትሽ ጠይቆሽ ነበር።»

«ጠይቀውኝ ነበር። አይደርስም አልኳቸው።»

«ለምን?»

አራት ዓመት ሙሉ ለዚህ ጥያቄ ስታዘጋጅ የኖረችው መልስ ብዙ ነበር። አሁን የወጣው ግን ትንሹ ነው። «ደክሞኝ ነበር» አለች። «ሦስት ዓመት ብቻዬን ነበርኩ እማዬ። በመጨረሻው ቀን መጥቶ ሁሉም እሱን ሲያቅፍ ማየት አልፈለግሁም። በኋላ ልነግርሽ ነበር፤ ስውል ሳድር እየከበደኝ ሄደ። አጎታችንንም እስከ ዛሬ ያኮረፋቸው በዚህ ነው። እሳቸው ናቸው የቸኮሉት ብሎ።» ግንባሯን የሶፋው ጠርዝ ላይ ደፍታ አለቀሰች። እናቷ እግራቸውን ከእጇ ውስጥ አወጡ፤ በኃይል አይደለም፣ ቀስ ብለው ነው፣ ከምንም በላይ ያ ገደላት።

ስልኩ ጮኸ። ወንድሟ ነው። እናትየው ስልኩ ብዙ እስኪጮህ ካዩት በኋላ ጉሮሯቸውን ጠርገው አነሱት። ሕፃኗ እንዴት እንደዋለች ጠየቁ፣ ሚስቱን ጠየቁ። «እመጣለሁ» አሉት። «አዎ፣ ሰባት ሰዓት ነው፣ ነገረችኝ። ስመጣ የማጫውትህ አለ። አጎትህን ግን ዛሬውኑ ደውለህ ሰላም በለው። ለምን አትበለኝ፣ እናትህ ነኝ፣ ደውልለት።» ዘግተው ስልኩን ደረታቸው ላይ አስቀመጡት። ወደ ልጃቸው ሳይዞሩ «ትኬቱን አሁን መቁረጥ ይቻላል?» ብለው ጠየቁ። ድምፃቸው ወረፋ ላይ እንደቆመ ደንበኛ ትሁት ነበር።

ለቀጮ ደወለች። ቀጮ ቢሮውን ሳትዘጋ እየጠበቀቻት ነው፣ የኪቦርዱ ድምፅ ይሰማል። ፊት ረድፍ፣ እግር መዘርጊያ ያለው፣ የፊታችን ሐሙስ፤ ስማቸውን ፊደል በፊደል አረጋገጠች። «መሄጃው አለቀ» አለች ቀጮ። «መመለሻቸውን ለመቼ ላድርገው?»

ትኬት ሻጯ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ እናቷን ጠየቀች።

«መመለስ ግድ ነው?» አሉ እናቷ።

«ቪዛው ያስገድዳል። መመለሻ ከሌለሽ አያሳፍሩሽም።»

እናትየው ፊታቸውን ወደ ሶፋው መደገፊያ አዞሩ። «እንግዲያው ቪዛው እስከፈቀደልኝ» አሉ።

«የመጨረሻው ቀን ላይ አድርጊላቸው» አለች ትኬት ሻጯ ወደ ስልኩ።